የቶክሶፕላዝማ አንቲቦዲን በሪኮምቢናንት ፕሮቲን መመርመር፦ ከጂኑ እስከ ፕሌቱ

ቶክሶፕላዝማ በጥሬ ሥጋና በድመት በኩል ሰው ላይ የሚደርስ ጥገኛ ተህዋሲ ነው፤ የተያዘ ሰው ሰውነት ተህዋሲውን የሚይዝ ፕሮቲን፣ አንቲቦዲ፣ ያመርትበታል። በደም ውስጥ ይህ አንቲቦዲ መኖሩን የሚፈትሽ ምርመራ ሁሉ ማጥመጃ ያስፈልገዋል፤ ማጥመጃው አንቲጅኑ፣ ማለትም አንቲቦዲው የሚይዘው የተህዋሲው ፕሮቲን፣ ነው። ለረጅም ዘመን ይህ አንቲጅን የሚገኘው በሕይወት ያለውን ጥገኛ ተህዋሲ በአይጥ ሆድ ወይም በሴል ካልቸር አርብቶ፣ ሰብስቦ፣ ፈጭቶ ነበር። ዛሬም በብዙ ላብራቶሪ የሚያገለግለው አርኤች የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ ከታመመ ልጅ የተገኘ ነው። አይጥን በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ መርፌ ያመለጠውን ባለሙያም ያሳምማል። ይህን ሁሉ አልፎ የተገኘው ፍጭ ደግሞ የብዙ መቶ ፕሮቲኖች ቅልቅል ነው፤ የአይጡ ወይም የሴሉ ፍርስራሽ ይገባበታል፤ የዚህ ወር ምርትም ካለፈው ወር ጋር አይገጥምም።

ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ይህን ጣጣ ይቀንሳል። የተህዋሲው አንድ ጂን ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ባክቴሪያው ያን አንዱን ፕሮቲን ያመርታል፤ ፕሮቲኑ ተጣርቶ ኤላይዛ ፕሌት ላይ ይለጠፋል፤ ኤላይዛ አንቲቦዲን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው፣ ፕሌቱም ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ። የሚያስቸግረው ቦታ የት እንደሆነ ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል። ውጤቱ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ማጠቢያውን፣ ኮንጁጌቱን (ቀለም የሚያወጣ ኤንዛይም የተሸከመውን ፀረ አንቲቦዲ)፣ ማንበቢያውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፕሌቱ በፊት፣ ፕሮቲኑ ሲታጠፍና ሲጣራ የተሠራ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ ስለ ፕሮቲኑ ነው።

የትኛው ፕሮቲን?

ለጀማሪ ሁለት ፕሮቲኖች ይበቃሉ፦ ሳግ1 እና ግራ7።

ሳግ1 በታኪዞይቱ፣ ማለትም በፍጥነት በሚራባው የተህዋሲው መልክ፣ ገጽ ላይ የሚገኝ 30 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ፕሮቲን ነው፤ ድሮ ፒ30 ይባል ነበር። ከታኪዞይቱ ጠቅላላ ፕሮቲን 5 በመቶ ያህሉን ይይዛል። በተህዋሲው የተያዘ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንቲቦዲ ያመርትበታል፤ አንቲቦዲውም ዓመታት ይቆያል። አስቸጋሪነቱ ቅርፁ ላይ ነው። 12 ሲስቴይኖች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው 6 የዳይሰልፋይድ ትስስር ይፈጥራሉ። የሰው አንቲቦዲ በአብዛኛው የሚያውቀው ይህንን የታጠፈ ቅርፅ እንጂ የአሚኖ አሲዱን ሰንሰለት አይደለም። ትስስሩ ከተበላሸ ፕሮቲንን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ ያማረ፣ በፕሌት ላይ ግን ዝም ያለ ፕሮቲን ይዘው ይቀራሉ።

ግራ7 ጠባዩ የቀና ነው። ተህዋሲው ከዴንስ ግራንዩል የሚያመነጨው ፕሮቲን ሲሆን አንቲቦዲው በበሽታው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ስለሚታይ አዲስ ኢንፌክሽንን ለመያዝ ይመረጣል። ፕሮቲን በሚመረትበት ባክቴሪያ፣ በኢኮላይ፣ ውስጥ ያለ ብዙ ጣጣ ይመረታል፤ ቅርፁ ቢላላም አንቲቦዲ ያውቀዋል። ሥራውን በግራ7 ጀምረው እጅዎን ካፍታቱ በኋላ ወደ ሳግ1 ቢሄዱ ይሻላል።

አንድ ፕሮቲን ብቻውን የሁሉንም ታማሚ ሴረም፣ ማለትም ከሴሎቹ የተለየውን የደም ፈሳሽ፣ አይዝም፤ የአንዱ ሰው ሰውነት ለአንዱ ፕሮቲን፣ የሌላው ለሌላው አብዝቶ ምላሽ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅሎ መለጠፍ የተለመደ ነው። ከዚያም አልፎ የሁለትና የሦስት ፕሮቲን ቁራጮችን በአንድ ሰንሰለት አያይዞ ማምረት ይቻላል፤ በፖላንድ የግዳንስክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሚክ1ን፣ ማግ1ንና ሳግ1ን በዚህ መንገድ አጣምረው ሠርተዋል። ጥቅሙ አንድ ጊዜ አምርቶ አንድ ጊዜ ማጣራት ነው።

ጂኑና ባክቴሪያው

ጂኑን ከተህዋሲው ዲኤንኤ በፒሲአር ማውጣት ይቻላል፤ ዛሬ ግን ለኢኮላይ የተስማማ ኮዶን ያለው ሰው ሠራሽ ጂን ማዘዝ ጊዜ ይቆጥባል። ሲያዝዙ ሁለት ነገር ያስቆርጡ። አንዱ ፊት ያለው ሲግናል ፔፕታይድ ነው። ሌላው ውሃ የሚሸሸው ክፍል ነው፤ በሳግ1 ከሴሉ ገጽ ጋር የሚያያይዘው የመጨረሻው ጭራ፣ በግራ7 ደግሞ ወደ ጫፉ የሚገኘው ሜምብሬን ሰንጥቆ የሚያልፈው ቁራጭ። እነዚህ ከቀሩ ፕሮቲኑ ውሃ ውስጥ አይቀመጥም፤ ይጓጉላል።

ፕላዝሚዱ (ጂኑን ወደ ባክቴሪያው የሚያስገባው የዲኤንኤ ቀለበት) ፔት-28ኤ ቢሆን ስድስት ሂስቲዲን ያለው፣ ሲጣራ ኒኬል ላይ የሚጣበቅ መያዣ አብሮ ይመጣል። ባክቴሪያው ለግራ7 ቢኤል21 ዲኢ3 ይበቃል። ለሳግ1 ሻፍል የተባለው ዝርያ ይሻላል፤ የሴሉ ውስጥ ኬሚስትሪ ስለተቀየረ የዳይሰልፋይድ ትስስር እዚያው ባክቴሪያው ውስጥ ይሠራል። ሻፍል ሲያሳድጉ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠቀሙ፤ በ37 አያምርበትም።

ማሳደግና ማምረት

የባክቴሪያው ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ ኤልቢ፣ በሊትር 10 ግራም ትሪፕቶን፣ 5 ግራም ይስት ኤክስትራክት፣ 10 ግራም የምግብ ጨው ነው። አዲስ አበባና መሰል ከፍታ ላይ ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ኦቶክሌቩን በግፊት መለኪያው ሳይሆን በሙቀት መለኪያው ይመኑት። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭ አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። በ2,300 ሜትር የውጭ አየር ስለሚሳሳ፣ በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው ግፊት እዚህ ከ117 ብዙም አያልፍም። ተበከለ የሚባለው ካልቸር ስንት ጊዜ መነሻው ይህ ይሆናል።

አንድ ኮሎኒ በ10 ሚሊ ሊትር ኤልቢ፣ በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮ ግራም ካናማይሲን ጨምረው ያሳድሩ። ጠዋት ወደ 1 ሊትር ይገልብጡት፤ ሼከር ላይ በደቂቃ 180 ዙር። ጠርሙሱ የሚይዘው ፈሳሽ ከጠርሙሱ ሩብ ቢበዛ ሲሶ እንዳይበልጥ፤ አየር ካጠረው ያድጋል እንጂ አያመርትም። በ600 ናኖ ሜትር ኦዲው (የፈሳሹ ድፍርስነት ንባብ) 0.6 ሲደርስ 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ለኋላ ማወዳደሪያ ያስቀሩ፤ ከዚያ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ማምረት እንዲጀምር የሚያዘውን አይፒቲጂ ይጨምሩ። ለግራ7 0.5 ሚሊሞላር፣ ማለትም ከ1 ሞላር መነሻ 500 ማይክሮ ሊትር፤ 37 ዲግሪ፣ 4 ሰዓት። ለሳግ1 0.1 ሚሊሞላር፣ 18 ዲግሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ቀዝቀዝ ሲል ባክቴሪያው በዝግታ ያመርታል፤ በዝግታ የተመረተ ፕሮቲን ለመታጠፍ ጊዜ ያገኛል።

በ5,000 ጂ ለ15 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አድርገው ዝቃጩን ይሰብስቡ። ሥራውን እዚህ ማቆም ከፈለጉ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳምንታት ይቆያል።

ማጣራት

ዝቃጩን በ25 ሚሊ ሊትር መሰባበሪያ በፈር ይፍቱት፦ 50 ሚሊሞላር ሶዲየም ፎስፌት፣ 300 ሚሊሞላር የምግብ ጨው፣ 10 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል፣ ፒኤች 8.0። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ላይሶዛይም እና 1 ሚሊሞላር ፒኤምኤስኤፍ ይጨምሩና በበረዶ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ በሶኒኬተር 10 ሰከንድ እየመቱ 30 ሰከንድ እያሳረፉ፣ የመምቻው ጊዜ ብቻ ተደምሮ 4 ደቂቃ እስኪሆን። አረፋ ካወጣ ጫፉን ዝቅ ያድርጉ፤ አረፋ ፕሮቲን ያበላሻል። ወፍራምና እንደ ተልባ የሚዝለገለገው ፈሳሽ ቀጥኖ እንደ ውሃ ሲንጠባጠብ ዲኤንኤው ተቆራርጧል ማለት ነው። በ12,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ ያሽከርክሩ።

አሁን ቱቦውን ብርሃን ላይ ያንሱና ታቹን ይመልከቱ። ዝቃጩ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ የሴል ፍርስራሽ ነው። ከሥሩ እንደ ጠመኔ ነጭና ደረቅ ያለ ንብርብር ከታየ እንክሉዥን ቦዲ ነው፤ ፕሮቲንዎ ተጓጉሎ እዚያ ተቀምጧል። ሳግ1 ይህን ማድረግ ይወዳል። ከመደምደምዎ በፊት ከላይኛው ፈሳሽም ከዝቃጩም ናሙና ወስደው ጄል ላይ ያስኪዱ።

ፕሮቲኑ ላይኛው ፈሳሽ ውስጥ ካለ መንገዱ አጭር ነው። ከ2 ሚሊ ሊትር ኒኬል ሬዚን ጋር በ4 ዲግሪ 1 ሰዓት ያገላብጡት። ዓምዱ ላይ አፍስሰው በ40 ሚሊ ሊትር ማጠቢያ ይጠቡ፤ ማጠቢያው ያው በፈር ሆኖ ኢሚዳዞሉ 30 ሚሊሞላር ነው። እዚህ ላይ መቸኮል ኋላ ያስከፍላል። ከዚያ በ250 ሚሊሞላር ኢሚዳዞል፣ በ1 ሚሊ ሊትር በ1 ሚሊ ሊትር ስድስት ቱቦ ይሰብስቡ። ኢሚዳዞል ራሱ በ280 ናኖ ሜትር ስለሚነበብ በዚህ ደረጃ የፕሮቲን መጠን በ280 ቢለኩ ይሞኛሉ፤ ብራድፎርድ የተባለውን የቀለም መለኪያ ይጠቀሙ። ሬዚኑ ቡናማ ከሆነ ዲቲቲ (የዳይሰልፋይድ ትስስርን የሚፈታ ኬሚካል) ገብቶበታል፤ ኒኬሉ ተበላሽቷል።

እንክሉዥን ቦዲ ከሆነ ግን ዝቃጩን 1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ባለው በፈር ሁለት ጊዜ፣ ያለ ትራይተን አንድ ጊዜ ይጠቡት። ይህ እጥበት ብቻውን ግማሹን ቆሻሻ ያነሳል። ከዚያ በ8 ሞላር ዩሪያ ያሟሙት። ዩሪያው በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ሲቆይ ወይም ሲሞቅ ሳያኔት ይፈጥራል፤ ሳያኔት ደግሞ ፕሮቲኑ ላይ ተለጥፎ ይለውጠዋል። ለማሟሟት ብለው ከ37 ዲግሪ በላይ አያሙቁት። ማጣሪያው ያው ኒኬል ነው፣ በዩሪያ ውስጥ።

ቅርፁን መመለስ የሚቻለው በማቅጠን ነው። ከኒኬሉ የወጣውን ሳግ1 በ10 ሚሊሞላር ዲቲቲ 1 ሰዓት ያቆዩት፤ የተሳሳተ ትስስር ይፈታል። ከዚያ በ4 ዲግሪ ቀስ ብሎ በሚሽከረከር ማጠፊያ በፈር ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ፦ 50 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8.5፣ 0.5 ሞላር አርጊኒን፣ 2 ሚሊሞላር የተቀነሰ ግሉታታዮን፣ 0.2 ሚሊሞላር ኦክሲድ የሆነ ግሉታታዮን። የመጨረሻው የፕሮቲን መጠን በሚሊ ሊትር ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ። ሰንሰለቶቹ ከተጨናነቁ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር ይተሳሰራል፤ ፈሳሹም እንደ አሬራ ይደፈርሳል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩና በፒቢኤስ (አዘገጃጀቱ ከታች አለ) ላይ ዳያሊሲስ ያድርጉ፤ 2 ሊትር፣ ሁለት ጊዜ እየቀየሩ።

ሳይለጥፉ በፊት ያረጋግጡ

በ12 በመቶ ጄል 2 ማይክሮ ግራም ያስኪዱ። ጎላ ያለ አንድ መስመር፣ ቢያንስ 90 በመቶ ንጽሕና። ናሙናውን ሲያፈሉ ከፍታውን ያስታውሱ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በፈላ ውሃ 5 ደቂቃ ከማድረግ 10 ያድርጉ፣ ወይም 95 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ሂት ብሎክ ይጠቀሙ።

ሳግ1ን ሁለት ጊዜ ያስኪዱ፦ አንዱን ትስስሩን የሚፈታውን ሜርካፕቶኢታኖል ጨምረው፣ አንዱን ሳይጨምሩ። በውስጡ በትክክል የተሳሰረ ፕሮቲን ጥቅጥቅ ስለሚል ያለ ሜርካፕቶኢታኖል ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱ መስመሮች እኩል ከሆኑ ትስስሩ የለም። ከላይ የመሰላል እርከን የመሰሉ ብዙ መስመሮች ከወጡ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ይህ የ2 ሰዓት ፈተና ነው፤ ስንት ሰው ዘሎት ወር ሙሉ ሴረም ያባክናል።

ፕሮቲኑን በትንንሽ ቱቦ፣ 100 ማይክሮ ግራም በ100 ማይክሮ ግራም፣ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ 50 በመቶ ግሊሰሮል ጨምረው በ20 ከዜሮ በታች ቢያስቀምጡ ስለማይረጋ በየጊዜው ከመቅለጥና ከመርጋት ይድናል። ማቆያ ብለው ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) አይጨምሩ፤ ፕላስቲኩ ላይ ቦታውን የሚቀማው እሱ ነው። ትዊንና ትራይተንም እንደዚሁ መለጠፉን ይከለክላሉ።

የኢኮላይ ጣጣ

ኢኮላይ በእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ አለ። ስለዚህ የማንኛውም ሰው ደም የኢኮላይ አንቲቦዲ አለው፤ የተቅማጥ በሽታ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ ብዙ አለው። ፕሮቲንዎ ውስጥ 5 በመቶ የባክቴሪያ ቅሪት ቢኖር ሴረሙ ያን 5 በመቶ አጥብቆ ይይዛል፤ ፕሌቱ ቢጫ ይሆናል፤ እርስዎም ቶክሶፕላዝማ ነው ይላሉ። ሪኮምቢናንት አንቲጅንን የሚያስወቅሰው የውሸት ፖዘቲቭ በብዛት ከዚህ ይመነጫል።

መከላከያው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ያድርጉ። መጀመሪያ ሴረሙን ያጥቡት። ባዶ ፕላዝሚድ የተሸከመ ያንኑ ባክቴሪያ አሳድገው ሰባብረው ፍጩን ያስቀምጡ። ሴረሙን በሚያቀጥኑበት ፈሳሽ ውስጥ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከዚህ ፍጭ ይጨምሩና ፕሌት ላይ ከማድረግዎ በፊት በክፍል ሙቀት 1 ሰዓት ያቆዩት። የኢኮላይ አንቲቦዲው እዚያው ይያያዛል፤ ለፕሌቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሴረም መቆጣጠሪያ ጉድጓድ ይመድቡ። ባዶ ፕላዝሚድ ያለውን ባክቴሪያ በያው ኒኬል፣ በያው እጥበት አሳልፈው የወጣውን ይለጥፉ፤ ወይም ያው የሂስቲዲን መያዣ ያለው ሌላ የማይገናኝ ፕሮቲን። ለምሳሌ አንድ ሴረም በግራ7 ጉድጓድ 0.90፣ በመቆጣጠሪያው 0.75 ቢያነብ የቀረው 0.15 ነው። ይህ ቶክሶፕላዝማ አይደለም፤ አንጀት ነው።

ፕሌቱ

በፈሮቹ እነዚህ ናቸው። መለጠፊያ፦ 1.59 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት እና 2.93 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በ1 ሊትር፣ ፒኤች 9.6። ፒቢኤስ፦ 8 ግራም የምግብ ጨው፣ 0.2 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 1.44 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት፣ 0.24 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት በ1 ሊትር፣ ፒኤች 7.4። ማጠቢያ፦ ፒቢኤስ ከ0.05 በመቶ ትዊን 20 ጋር። ማቆሚያ፦ 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ፤ 55 ሚሊ ሊትር ጥቅጥቁን አሲድ ወደ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ ብለው ጨምረው ወደ ሊትር ያሙሉት። አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም። ለማቆያ ብለው ሶዲየም አዛይድ የትም እንዳያስገቡ፤ ቀለሙን የሚያወጣውን ኤንዛይም፣ ኤችአርፒን፣ ይገድላል፤ ፕሌቱም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ፕሌቱ ለኤላይዛ የተሠራ፣ ፕሮቲን አብዝቶ የሚይዝ ፖሊስታይሪን ይሁን። የሴል ማሳደጊያ ፕሌት መልኩ ቢመሳሰልም አይሆንም።

ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ሴረም የሚለው በግምት አይወሰንም፤ በቼከርቦርድ ነው። ወደ ጎን ፕሮቲኑን 4፣ 2፣ 1፣ 0.5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር፣ ወደ ታች ሴረሙን 1 ለ50፣ 1 ለ100፣ 1 ለ200፣ 1 ለ400 አድርገው አንድ እርግጠኛ ፖዘቲቭና አንድ እርግጠኛ ኔጋቲቭ ያስኪዱ። የሚመረጠው የፖዘቲቩ ቁጥር ትልቁ የሆነበት ጉድጓድ ሳይሆን ፖዘቲቩ ለኔጋቲቩ ሲካፈል ትልቁን የሚሰጠው ነው። አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ማይክሮ ግራም ላይ ይወድቃል። በ2 ማይክሮ ግራም አንድ ሙሉ ፕሌት 20 ማይክሮ ግራም ገደማ ይፈጃል፤ 1 ሚሊ ግራም ፕሮቲን ለ50 ፕሌት ይበቃል ማለት ነው።

ከዚያ አሠራሩ እንዲህ ይሄዳል፦

1. በእያንዳንዱ ጉድጓድ 100 ማይክሮ ሊትር ፕሮቲን፣ በ4 ዲግሪ ሌሊቱን።
2. ሦስት ጊዜ በ300 ማይክሮ ሊትር ይጠቡ። ባዶ የቀረውን ፕላስቲክ ለማገድ 3 በመቶ ቢኤስኤ ባለው ማጠቢያ 250 ማይክሮ ሊትር፣ በ37 ዲግሪ 1 ሰዓት።
3. ሴረም 1 ለ100፦ 5 ማይክሮ ሊትር በ495 ማቅጠኛ፣ ከኢኮላይ ፍጩ ጋር። 100 ማይክሮ ሊትር በሁለት ጉድጓድ፣ በ37 ዲግሪ 1 ሰዓት። ሁሉም ሴረም ኤችአይቪና ሄፓታይተስ እንዳለበት ቆጥረው ይያዙት።
4. አምስት ጊዜ ይጠቡ፤ በመጨረሻ ፕሌቱን ገልብጠው ሶፍት ላይ ያንኳኩት።
5. የሰው አይጂጂን (ለዓመታት የሚቆየውን የአንቲቦዲ ዓይነት) የሚይዝ ኤችአርፒ ኮንጁጌት 1 ለ10,000። 1 ማይክሮ ሊትር በቀጥታ አይለኩ፤ 2 በ198፣ ከዚያ ከዚህ 100 ማይክሮ ሊትር በ9.9 ሚሊ ሊትር። 37 ዲግሪ፣ 1 ሰዓት። አምስት ጊዜ ይጠቡ።
6. ኤችአርፒ የሚያቀልመው ፈሳሽ፣ ቲኤምቢ፣ 100 ማይክሮ ሊትር፣ በጨለማ 15 ደቂቃ። ሰማያዊ ይሆናል። 50 ማይክሮ ሊትር አሲድ ሲገባ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በ10 ደቂቃ ውስጥ በ450 ናኖ ሜትር፣ በ630 እያነጻጸሩ ያንብቡ።

ቲኤምቢ እና አሲድ በአንድ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ፍጥነት ይጨመሩ። የመጀመሪያው ረድፍ 15፣ የመጨረሻው 12 ደቂቃ ካገኘ ልዩነቱን የፈጠረው እጅዎ ነው።

ሁሉም ጉድጓድ፣ ሴረም የሌለበትም ጭምር፣ ከቀለመ ኮንጁጌቱ በዝቷል ወይም እጥበቱ ተጓድሏል። ሴረም የሌለበት ንጹሕ ሆኖ ኔጋቲቮቹ ከቀለሙ ግን ጣጣው የኢኮላዩ ነው፣ ወይም ማገጃው አልበቃም። የዳር ጉድጓዶች ብቻ ከመሐሉ ከፍ ካሉ ፕሌቱ ሳይሸፈን ኢንኩቤተር ገብቷል፤ ወይም ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይሞቅ ተጀምሯል። አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዝቅ ካለ መልቲቻናል ፒፔቱ አንድ ጫፉ አይስብም።

መለያ ነጥቡን ማውጣት

ቢያንስ ከ30 እስከ 50 የሚሆን፣ በታወቀ ኪት ኔጋቲቭ የተባለ ሴረም ያስኪዱ። አማካዩ ላይ ሦስት እጥፍ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ይደምሩ፤ አማካዩ 0.12፣ ዴቪየሽኑ 0.04 ቢሆን መለያው፣ ማለትም ፖዘቲቭን ከኔጋቲቭ የሚለየው ንባብ፣ 0.24 ነው። የእያንዳንዱን ሴረም ንባብ ለዚህ ያካፍሉ፤ ከ0.9 እስከ 1.1 የወደቀ ይደገም።

ኔጋቲቮቹ ምርመራው ከሚሠራበት ሕዝብ የተወሰዱ ይሁኑ። ሌላ አገር ከመጣ ሴረም የወጣ መለያ እዚህ አይሠራም፤ የዚያ ሕዝብ ደም የሚሸከመው የኢኮላይና የሌሎች ተህዋስያን አንቲቦዲ የተለየ ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ በሚበላበት፣ ድመት በየጓዳው በሚገባበት አገር እውነተኛ ኔጋቲቭ ጎልማሳ ማግኘት እንደሚያስቸግር ደግሞ አስቀድመው ይወቁት፤ ከ1 ዓመት በላይ የሆናቸውን ትንንሽ ልጆች ሴረም መጨመር ይረዳል። የወባ፣ የሌይሽማንያሲስና የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ፖዘቲቭ ሴረሞችንም ያስኪዱ፤ በስህተት የሚይዝ ከሆነ አሁን ይታወቅ።

በ50 ፖዘቲቭ 47ቱን ከያዘ 94 በመቶ ብሎ መጻፍ ያስደስታል። ግን በዚህ ናሙና ብዛት እውነተኛው ቁጥር ከ83 እስከ 99 የትም ሊሆን ይችላል። ክልሉንም አብረው ይጻፉ።

አይጂኤምና አቪዲቲ

አይጂጂ ፖዘቲቭ ማለት ሰውየው አንድ ቀን ተይዟል ማለት ብቻ ነው። ኤችአይቪ ላለበት፣ በተለይ ሲዲ4ቱ (የመከላከያ ሴል ቁጥሩ) ከ100 በታች ለወረደ ሰው ይህ ትልቅ መረጃ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ያንቀላፋው ተህዋሲ ሊነቃ ስለሚችል ኮትሪሞክሳዞል መከላከያ ይሰጠዋል። ለነፍሰ ጡር ግን ጥያቄው መቼ የሚለው ነው።

አይጂኤምን፣ በኢንፌክሽን መጀመሪያ የሚታየውን የአንቲቦዲ ዓይነት፣ ለመለካት ኮንጁጌቱን መቀየር ብቻ አይበቃም። በአንዳንድ ሰው ደም ያለው ሪዩማቶይድ ፋክተር (አይጂጂን የሚይዝ አይጂኤም) ከአይጂጂው ጋር ተያይዞ የውሸት አይጂኤም ያሳያል፤ ስለዚህ ሴረሙ በፀረ አይጂጂ ማጥፊያ ይታከም። ከዚያም በኋላ ፖዘቲቩን ብቻውን አይመኑት፤ አይጂኤም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

አቪዲቲ አንቲቦዲው አንቲጅኑን የጨበጠበትን ጥንካሬ ይለካል። አንዱን ሴረም በሁለት ረድፍ ያድርጉት። ከሴረሙ በኋላ አንዱን ረድፍ 6 ሞላር ዩሪያ ባለው ማጠቢያ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ እያቆዩ ይጠቡ፤ ሌላውን በዩሪያ አይንኩት። ቀሪው እንደ ተለመደው ነው። ዩሪያ ያየው ንባብ ላላየው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ መቶኛው ይወጣል። ሴረሙን ንባቡ 1.0 አካባቢ እስኪሆን ያቅጥኑት፤ ከ2 በላይ ከሆነ ጉድጓዱ ስለጠገበ ደካማውም ብርቱ ይመስላል። ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚለውን ድንበር ከሌላ ሰው ኪት አይዋሱ፤ በግራ7 የሚወጣው መቶኛ በተፈጨ ተህዋሲ ከሚወጣው ይለያል። የተያዙበት ጊዜ በሚታወቅ ሴረሞች የራስዎን ያውጡ።

ከፍተኛ አቪዲቲ ኢንፌክሽኑ ባለፉት 4 ወራት ውስጥ እንዳልሆነ ይናገራል፤ በእርግዝናዋ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለመጣች እናት ይህ ብቻውን ብዙ ያሳርፋል። ዝቅተኛው ግን አዲስ መሆኑን አያረጋግጥም። አንዳንድ ሰው ላይ ለወራት ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ መድኃኒት የጀመረች እናት ላይም ሊዘገይ ይችላል። ቤት ውስጥ በተሠራ ኤላይዛ ብቻ የነፍሰ ጡር ሕክምና አይወሰንም፤ ሴረሙ ወደ ሪፈረንስ ላብራቶሪ ይላክ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላም ሌላ ናሙና ይወሰድና ሁለቱ በአንድ ፕሌት፣ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ይነበቡ።

የተወለደ ሕፃን ደም ላይ የሚታየው አይጂጂ በእምብርት በኩል ያለፈ የእናቱ ሊሆን ይችላል። የራሱ ካልሆነ በየወሩ እየወረደ 12 ወር ሳይሞላ ይጠፋል። አይጂኤም ግን የእንግዴ ልጅን አያልፍም፤ የእናት ደም ሳይቀላቀል ከተወሰደ ሕፃን ላይ ከታየ የሕፃኑ ነው። ስለዚህ የሕፃኑን ናሙና ከእትብት ሳይሆን ከደም ሥሩ ይውሰዱ፤ የእናቱን ሴረም አብረው ያስኪዱ፤ ትርፉን በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጠው በሚቀጥለው ቀጠሮ ከአዲሱ ጋር በአንድ ፕሌት ይለኩት።